የመጀመሪያውን የቀዘፋ ሳንቃ ስለ መምረጥ

ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሳችን ጥፋት ነው። ዘጠኝ ጓደኛሞች ሆነን ከምሳችንና ከመጽሐፍ መግዣችን እየቀነስን ገንዘብ አዋጣንና፣ ለዕረፍት ከውጭ አገር በመጡ የአንዱ ጓደኛችን አጎት እጅ አንድ የቀዘፋ ሳንቃ አስመጣን። ሳንቃው ከከረጢቱ ወጥቶ ሲነፋ መልኩ የሚያስደንቅ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አፍንጫው እንደ ጦር የሾለ። ሻጩ «ካሉን ሁሉ ፈጣኑ ይህ ነው» ብሎ ለአጎትዬው ነግሯቸዋል፤ አልዋሸም። ነገር ግን ሐይቅ ዳር ወስደን በተራ በተራ በወጣንበት ጊዜ ከዘጠኛችን መካከል አንድ ደቂቃ ያኽል ቁሞ ሊቀዝፍ የቻለ አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን አንዱ ጓደኛችን ከላዩ ወደቀ፤ ሳንቃውን ነፋስ እየገፋ ወሰደበት፤ እርሱም ዋና ብዙ የማይችል ነበረና ዓሣ አጥማጆች በታንኳ ባይደርሱለት ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር በሆነ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በየመጽሐፉ ፈለግሁ፤ የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቅሁ። ከሁሉ ያሳፈረኝ፣ የተሳሳትነው በማናውቀው ትምህርት አለመሆኑ ነው። በመጀመሪያ ዓመት ተምረነው፣ በፈተናም ላይ መልሰነው፣ ከአዳራሹ ስንወጣ እዚያው ትተነው በወጣነው ትምህርት ነው የተሳሳትነው።

አይቶት ለማያውቅ አንባቢ፣ የቀዘፋ ሳንቃ ማለት ሰው ቁሞበት ባንድ ረጅም መቅዘፊያ ግራና ቀኝ እየቀዘፈ በውኃ ላይ የሚሄድበት ጠፍጣፋ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ አጠራሩ ፓድል ቦርድ ይሉታል። ትውልዱ ከሃዋይ ደሴቶች ነው። በዋይኪኪ የባሕር ዳርቻ ሰውን ማዕበል መጋለብ ያስተምሩ የነበሩ ሰዎች በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ፣ ተማሪዎቻቸውን ከፍ ብለው ለማየትና ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲሉ በትልልቅ ሳንቃዎች ላይ ቁመው በታንኳ መቅዘፊያ ይቀዝፉ ነበር። ልማዱ ቀዝቀዝ ካለ በኋላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ሌርድ ሃሚልተንና ዴቭ ካላማ የተባሉ ሁለት የሃዋይ ማዕበል ጋላቢዎች እንደ ገና አነሡት፤ ከዚያም ማዕበል ወደሌለበት ሐይቅና ወንዝ ተሻገረ። በመሻገሩም ምክንያት ዛሬ ባንድ ስም የሚሸጡት ሳንቃዎች በሥራቸው የተለያዩ ሆነዋል። ማዕበል ለመጋለብ የተሠራ አጭር አለ፤ ለእሽቅድምድም የተሠራ ቀጭን አለ፤ ጓዝ ጭኖ ለረጅም መንገድ የሚሄድ አለ፤ እንዲሁም ለማንኛውም ይሁን ተብሎ የተሠራ፣ መልኩ ደብዛዛ፣ ፊቱ የደነበዘ፣ ሻጭም ብዙ የማያሞግሰው አለ። ጀማሪ የሚያሻው ይህ የመጨረሻው ነው። እኛ የገዛነው የእሽቅድምድሙን ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ብዙ ሰው ሳንቃ ሊገዛ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚፈራው «ይሸከመኛል ወይስ አይሸከመኝም?» የሚለውን ነው። ይህ ፍርሃት በቀላሉ የሚመለስ ነው። አርኪሜዴስ እንዳስተማረው በውኃ ላይ ያለ ነገር የሚገፋው ውኃ ክብደት ከራሱ ክብደት ጋር እኩል ሲሆን ይንሳፈፋል፤ የሐይቅ ውኃም አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ያኽል ይመዝናል። ስለዚህ የሳንቃውን ይዘት በሊትር ማወቅ ይበቃል። የእኛ የመጀመሪያው ሳንቃ ርዝመቱ 4.27 ሜትር፣ ወርዱ 66 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር ነበር። ሦስቱን ብናባዛ ሣጥን ቢሆን ኖሮ 423 ሊትር ይይዝ ነበር ማለት ነው፤ ጫፍና ጫፉ ስለሚሾል ከዚህ ሦስት አራተኛውን ብንወስድ 317 ሊትር ገደማ ይሆናል። በላዩ 70 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ ቢወጣ፣ የሳንቃውን 11 ኪሎና ልብስና መቅዘፊያውን 3 ኪሎ ጨምረን 84 ኪሎ ነው። እንግዲህ ከ317 ሊትር ውስጥ 84ቱ ብቻ ይሰጥማል፤ ይኸውም ከሩብ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከ15 ሳንቲ ሜትሩ ውፍረት 4 ሳንቲ ሜትር ያኽሉ ውኃ ውስጥ ይሆናል፤ የቀረው ደረቅ ነው።

በሱቅ የሚነገረው ደንብ ለጀማሪ የሳንቃው ሊትር ቢያንስ የሰውየውን ኪሎ እጥፍ ይሁን የሚል ነው። የእኛ ከአራት እጥፍ ይበልጥ ነበር። በደንቡ መሠረት ምንም እንከን አልነበረበትም። ታዲያ ለምን ሁላችንም ወደቅን?

ምክንያቱም መንሳፈፍና መቆም ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው። ሊትሩ ሳንቃው እንደማይሰጥም ይነግራል፤ ሰውየው እንደማይገለበጥ ግን አይናገርም። የኋለኛውን የሚናገረው ወርዱ ነው። ይህን ነገር ረጋ ብለን እንየው፣ ምርጫው ሁሉ የሚንጠለጠለው በዚህ ላይ ነውና።

ሳንቃው ወደ ቀኝ ጥቂት ቢያዘነብል የቀኙ ጠርዝ ወደ ውኃ ይገባል፣ የግራው ይወጣል። የገባው በኩል ውኃው ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሳንቃውን ወደ ቦታው የሚመልሰው ይህ ግፊት ነው። ወርዱ ሰፊ ሲሆን ሦስት ነገሮች ባንድ ጊዜ ይጨምራሉ። አንደኛ፣ ጠርዙ ከመካከሉ የራቀ ስለሆነ በዚያችው ትንሽ ማዘንበል ይበልጥ ጠልቆ ይገባል። ሁለተኛ፣ የሚጠልቀው ገጽ ራሱ ሰፊ ነው። ሦስተኛ፣ ግፊቱ ከመካከሉ ርቆ ስለሚሠራ በረጅም ዘንግ ድንጋይ እንደሚፈነቅል ሰው ጉልበቱ ይበረታል። ሦስቱ ስለሚባዙ የመመለሱ ኃይል ከወርዱ ጋር በሦስት ደረጃ፣ ማለትም ወርዱን ሦስት ጊዜ በራሱ በማባዛት ያድጋል። ከርዝመቱ ጋር ግን ባንድ ደረጃ ብቻ ነው የሚያድገው። ስለዚህ የሳንቃውን ርዝመት ከመቶ አሥር እጅ ብትጨምሩበት የምታገኙት መረጋጋት ከመቶ አሥር እጅ ነው፤ ወርዱን ከመቶ አሥር እጅ ብትጨምሩ ግን 1.1 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 1.33 ስለሚሆን ከመቶ ሠላሳ ሦስት እጅ ታገኛላችሁ።

በኋላ ሁለተኛ ሳንቃ አግኝተናል፤ ርዝመቱ 3.35 ሜትር፣ ወርዱ 86 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ያው 15 ሳንቲ ሜትር። እንደ ቀድሞው እንደ ሣጥን ብናሰላው 432 ሊትር ነው። ከመጀመሪያው 423 ጋር አስተያዩት፤ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አሁን ግን የወርዱን ሦስተኛ ደረጃ በርዝመቱ አባዙ፤ ለመጀመሪያው 1.23፣ ለሁለተኛው 2.13 ይወጣል። አጭሩና ሰፊው ከረጅሙና ከቀጭኑ ይልቅ 1.7 ጊዜ ያኽል ይረጋጋል ማለት ነው። የረጅሙ አፍንጫ በጣም የሾለ መሆኑን ብናስገባበት ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ሊትር ብቻ ያነበበ ሰው ሁለቱን ሳንቃዎች አንድ ናቸው ብሎ ይፈርዳል። እኛም እንዲሁ ነበር የፈረድነው።

በዚህ ነገር ላይ የጣና ታንኳ ሠሪዎች ከእኛ ይቀድማሉ። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ቅርጹ ውኃ አያስወጣም፤ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው። ስለዚህ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ከጉዞ በኋላም ዳር ላይ ወጥቶ ይደርቃል። እንጨት ወይም እህል የሚጭን ታንኳ ዓሣ ከሚያጠምድበት ታንኳ በስፋትም በርዝመትም ይለያል። የሚሠራው ሰው «ምን ይጫንበታል?» ብሎ ሳይጠይቅ ደንገል አያጭድም። እኛ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብተን «ስንት ያስከፍላል?» ብቻ ነበር የጠየቅነው።

ሌላም ነገር አለ። የሰው የክብደቱ ማዕከል ሲቆም ከእንብርቱ አካባቢ ነው፤ ሲንበረከክ በጣም ይወርዳል። ማዕከሉ ከፍ ባለ ቁጥር ሳንቃው ሲያዘነብል የሰውየው ክብደት ራሱ ይገለብጠዋል፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ግን ይረጋጋል። ስለዚህ በጉልበት ተንበርክኮ መጀመር የፈሪ ሥራ አይደለም። ከዘጠኛችን መካከል አንዲት 52 ኪሎ የምትመዝን ጓደኛችን በቀጭኑ ሳንቃ ላይ ተንበርክካ ያለ ችግር ግማሽ ሰዓት ቀዝፋለች፤ ልክ ስትቆም ግን ወደቀች። የውፍረቱም ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ቀጫጭን የሚነፉ ሳንቃዎች ከባድ ሰው ሲቆምባቸው ከወገባቸው ይጎብጣሉ፣ ጫፍና ጫፋቸው ሽቅብ ይላል፤ ስለዚህ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን መውሰድ ይሻላል። ከዚህ በላይ መወፈር ግን ሰውየውን ከውኃው ከፍ ከማድረግ በቀር ለጀማሪ የሚያመጣው ጥቅም አይታየኝም።

እንግዲህ ቁጥር ቁረጥልን የሚለኝ ቢኖር እንዲህ እላለሁ። ከ60 ኪሎ በታች ለሆነ ሰው ከ76 እስከ 81 ሳንቲ ሜትር ወርድና 3 ሜትር ወይም ጥቂት የሚበልጥ ርዝመት ይበቃዋል። ከ60 እስከ 85 ኪሎ ለሆነ 81 ወይም 84 ሳንቲ ሜትርና 3.20 ሜትር ገደማ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ለሚመዝን፣ ወይም እንደ እኛ ለብዙ ሰው አንድ ሳንቃ ለሚገዛ ማኅበር፣ 86 ሳንቲ ሜትርና 3.35 ሜትር ይሁን። ለማኅበር ሲገዛ የሚለካው የሰዎቹ አማካይ ክብደት እንዳይመስላችሁ፤ ከሁሉ የከበደው ሰው ነው የሚለካው። ቀላሉ ሰው በሰፊ ሳንቃ ላይ ቢወጣ ጉዳቱ መዘግየት ብቻ ነው፤ ከባዱ ሰው በጠባብ ላይ ቢወጣ ግን ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ ይውላል። የእኛ ትልቁ ጓደኛችን 93 ኪሎ ነው፤ ስሙን አልጽፍም፣ ራሱን ያውቃል።

ሰፊ ሳንቃ ዕዳ የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። ሰፊው ውኃውን እየገፋ ስለሚሄድ ይዘገያል፤ ክንደ አጭር ሰውም መቅዘፊያውን ወደ ጎን ብዙ መዘርጋት ስላለበት ትከሻው ይደክማል። ከ90 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍ ወርድ ሁለት ሰው ካልወጣበት በቀር ለተራ ሰው አይመከርም።

ስለሚሠራበት ነገር። ደረቅ የሚባሉት ሳንቃዎች ውስጣቸው ቀላል ፎም ሆኖ ላያቸው በፋይበር ግላስና በሙጫ የተሸፈነ ነው፤ በውኃ ላይ አካሄዳቸው ያማረ ነው። ነገር ግን 3 ሜትር የሚሆን ደረቅ ነገር በአውቶቡስ ጣራ ላይ አስሮ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ማድረስ፣ በዶርም ውስጥም ማስቀመጥ ምን እንደሚመስል አስቡት። ድንጋይ ቢነካው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውኃ ገብቶ ፎሙን ያከብደዋል። በአየር የሚነፋው ግን ተጠቅልሎ በጀርባ ይታዘላል። ከፓምፑና ከመቅዘፊያው ጋር ብዙውን ጊዜ 23 ኪሎ በሚፈቀደው የአውሮፕላን ሻንጣ ልክ ስለሚገባ ከውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ሊያስመጣው ይችላል። ለተማሪ ምርጫው ይኸው ነው፤ አልከራከርበትም።

የሚነፋውን እንደ ልጆች መዋኛ ጎማ አድርጋችሁ እንዳታዩት። በውስጡ የላይኛውንና የታችኛውን ጨርቅ እርስ በርሳቸው አጥብቀው የሚይዙ በሺህ የሚቆጠሩ ክሮች አሉ፤ ሲነፋ ወደ ኳስነት ሳይሄድ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚቀረው በእነርሱ ነው። ታዲያ ደረቅ እንዲሆን በአንድ ስኩዌር ኢንች ከ12 እስከ 15 ፓውንድ ግፊት ይፈልጋል። በሰባት ወይም በስምንት ላይ «በቃኝ፣ ጠነከረ» ብሎ የሚያቆም ሰው ብዙ ነው፤ የፓምፑ ከባድ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነውና። በእጅ ሲነኩት የጠነከረ ይመስላል፤ ሲቆሙበት ግን ይጎብጣል፣ ሰውም ጥፋቱን በሳንቃው ላይ ያደርጋል። ስለዚህ ሲገዛ የግፊት መለኪያው የሚሠራ መሆኑን ማየት ይገባል። እዚህ ላይ አገራችን ከፍታ ላይ መሆኗ አንዲት ትንሽ ቀረጥ ታስከፍላለች። በባሕር ጠረፍ 324 ሊትር የሚይዝ ሳንቃ እስከ 15 ፓውንድ ለመንፋት በየግፊቱ 2 ሊትር የሚያስገባ ፓምፕ 327 ጊዜ ያኽል መገፋት አለበት። ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ባለው በጣና ዳር ግን አየሩ ስስ ስለሆነ 366 ጊዜ ገደማ ይሆናል። ቦይል ሕጉን ሲያወጣ ይህን 40 ግፊት ለእኛ እንዳስቀመጠልን አላወቀም። ተነፍቶ በፀሐይ ላይ የሚተውም ሳንቃ አለ፤ የውስጡ አየር ከ25 ወደ 55 ዲግሪ ቢሞቅ ግፊቱ ወደ 3 ፓውንድ ገደማ ይጨምራል፤ መጋጠሚያዎቹን የሚበትነው ይህ ነው። ሲያርፉ ጥላ ሥር ማድረግ፣ ጥላ ከሌለ ጥቂት አየር ማስተንፈስ ነው።

ስለ መቅዘፊያው ብዙ አልልም። ርዝመቱ ከሰውየው ቁመት 20 ወይም 25 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ፤ ለብዙ ሰው የሚገዛ ከሆነ የሚረዝምና የሚያጥር ይሁን። ቅጠሉ ከዘንጉ ጥቂት ያዘነበለ ነው፤ ማዘንበሉ ወደ ፊት መሆን አለበት። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ገልብጦ ነው የሚይዘው፤ እኔም ሁለት ቀን እንደዚያ ቀዝፌአለሁ። ከሳንቃው በታች የምትገባው የዓሣ ክንፍ የመሰለች ነገር ካልገባች ሳንቃው ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ይሽከረከራል። እርሷ ስትገዛ ግን የምትሄዱበትን ውኃ አስቡ፤ ሣርና ቃጫ ባለበት ዳርቻ፣ እንዲሁም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ ጣናን ያስቸገረው እምቦጭ በሚገኝበት በኩል፣ ረጅሟ ክንፍ አረሙን እየጠለፈች ታቆማችኋለች። አጭርም አብሮ ቢኖር መልካም ነው።

አሁን ወደ ወደቀው ጓደኛችን እንመለስ። እርሱን ለአደጋ ያጋለጠው መውደቁ አልነበረም፤ ሁላችንም ወድቀናል። ሳንቃው ከእርሱ መለየቱ ነው። ሰውን ከሳንቃው ጋር የሚያያይዘው የእግር ገመድ ከረጢቱ ውስጥ ነበር፤ እንቅፋት ይሆንብናል ብለን አልተጠቀምንበትም። የሚነፋ ሳንቃ ሰው ካልወጣበት በውኃው ላይ አብዛኛው አካሉ ደረቅ ሆኖ ስለሚቀመጥ ነፋስ እንደ ወረቀት ይወስደዋል፤ ጥሩ ዋናተኛም አይደርስበትም። የነፋስ ግፊት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በሁለት ደረጃ ስለሚያድግ ነፋሱ እጥፍ ሲፈጥን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሳንቃ ስትገዙ ገመዱ ከዕቃው ጋር መኖሩን፣ ማያያዣ ቀለበቱም በጥንቃቄ የተጣበቀ መሆኑን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ነፋስ ሲገፋችሁም ቁማችሁ አትታገሉ፤ የቆመ ሰው ራሱ ሸራ ነውና፤ በሆዳችሁ ተኝታችሁ በእጃችሁ ቅዘፉ።

ገመዱን በሚመለከት አንድ ነገር አጥብቄ ማሳሰብ አለብኝ። በሐይቅ ላይ ገመዱ ከቁርጭምጭሚት ጋር ቢታሰር ደኅና ነው። በሚፈስ ወንዝ ላይ ግን የቁርጭምጭሚቱ ገመድ ራሱ ሊገድል ይችላል። ሳንቃው በግንድ ወይም በድልድይ ምሰሶ ባንድ ጎን፣ ሰውየው በሌላው ጎን ቢያልፉ ውኃው ሰውየውን ከሥር ይዞት ይቀራል፤ በዚያ ኃይል ላይ ጎንበስ ብሎ እግሩን ሊፈታ አይችልም። ለወንዝ የሚሆነው ከወገብ ላይ የሚታሰርና ባንድ እጅ ስቦ የሚፈታ ቀበቶ ነው። በዌልስ አገር ሃቨርፎርድዌስት በምትባል ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 30 ቀን 2021 በዝናብ በሞላ ወንዝ ላይ በቀዘፋ ሳንቃ ይሄዱ የነበሩ ሰዎች ከአንድ ዝቅተኛ የወንዝ ግድብ ላይ ወድቀው 4ቱ ሞቱ። ከሞቱት ሰዎች ጉዳይ ብዙ የሚባል ነገር ተገኝቷል፤ የመሪዎቹ ዝግጅትም፣ የለበሱትና ያሰሩት ነገርም ተመርምሯል። እኔ የማነሣው የአባይን ፏፏቴ ከላይ በኩል በሳንቃ እንሞክር የሚሉ ጓደኞች በመካከላችን ስላሉ ነው።

ላይፍ ጃኬትን የምትጠሉት ሙቀቱን ፈርታችሁ ከሆነ ከወገብ የሚታሰር ትንሽ ዓይነት አለ። በአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ክፍል ከዋናና ከማዕበል መጋለቢያ ቦታ ውጭ የሚሄድን የቀዘፋ ሳንቃ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 2008 እንደ ጀልባ ስለ ቈጠረው፣ ቀዛፊው ላይፍ ጃኬትና ፊሽካ መያዝ ግዴታው ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ወገኖቻችን በፖቶማክ ወንዝ ላይ ሳንቃ ሲከራዩ አብሮ የሚሰጣቸው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛን ሐይቅ እንዲህ ያለ ሕግ ባይጠብቀውም ጥልቀቱ ያው ነው።

ከመግዛት በፊት የምትቀዝፉበትንም ውኃ ወስኑ። በጣናና በሐዋሳ ጉማሬ አለ፤ በዓባያና በጫሞ አዞ አለ፤ እነዚህ ካሉበት ዳርቻ ጋር የሚያስማማ ሳንቃ አልተሠራም። የአካባቢውን ዓሣ አጥማጅ ሳይጠይቁ መውጣት ሞኝነት ነው። የቢልሃርዚያ ነገር ደግሞ አለ፤ ጣናም ሐዋሳም ይገኝባቸዋል። የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚወዱት ዳር ዳሩን፣ ሣር ያለበትን ጥልቀት የሌለውን ውኃ ነው፤ እኛም ሳንቃ ይዘን የምንገባበትና የምንወድቅበት እዚያው ነው። ሰፊ ሳንቃ የመምረጥ ሌላው ጥቅም ይህ ነው፤ የሚወድቅ ሰው ያንሳል። ከውኃ ሲወጡ ሰውነትን ወዲያውኑ በፎጣ አሽቶ ማድረቅና ከወራት በኋላ በክሊኒክ መመርመር አይረሳ። ሰዓቱም ጧት ይሁን፤ ጧት እንደ መስተዋት የነበረ ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት አይታወቅም።

ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት ዕድሉን ካገኛችሁ ሁለት ዓይነት ወርድ ያላቸውን ሳንቃዎች ተከራይታችሁ ሞክሩ፤ ያንድ ከሰዓት በፊት ሙከራ ይህን ሁሉ ገጽ ይተካል። ያገለገለ ሳንቃ ብትገዙ ደግሞ እስከ መጨረሻው አስነፍታችሁ፣ በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ቀብታችሁ አረፋ የሚያወጣበትን ፈልጉ፤ በማግሥቱም መለኪያውን እንደ ገና አንብቡ። ከንፊያው ዙሪያ የሚወጣ አረፋ በመፍቻ አጥብቆ ብዙ ጊዜ ይድናል። ከጎኑ መጋጠሚያ የሚወጣ ከሆነ ግን ሻጩ የቱንም ያኽል ቢቀንስላችሁ ተዉት።

ሁለተኛውን፣ ሰፊውን ሳንቃ ያገኘነው ከስድስት ወር በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከዘጠኛችን ሰባታችን ቆምን፤ ያ ከውኃ የወጣው ጓደኛችንም ላይፍ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከዳር ዳር ሄዶ ተመለሰ። የ93 ኪሎው ጓደኛችን ቆሞ ሲቀዝፍ ውኃው ከሳንቃው ገጽ በታች ነበር፤ ሒሳቡን አስቀድሜ አስልቼለት ስለ ነበር አላመነኝም፣ ወርዶ አየው። ቀጭኑ ሳንቃ እስከ ዛሬ በአንዳችን አልጋ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ክብደቱ ከ60 ኪሎ በታች የሆነ፣ ዋና የሚችል፣ በሰፊ ሳንቃም ላይ ለረጅም ጊዜ የለመደ ሰው ቢፈልገው በዋጋው እንነጋገራለን።